ጉማሬውን ወዴት ሂድ እንበለው?

ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሐዋሳ የመጣ ሰው ሁሉ ከሐይቁ ዳር ቆሞ፥ «ጉማሬ ታየ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚመለስ አይመስለንም። ጉማሬው ጆሮውን፥ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጎ የሚተነፍስ ስለ ሆነ ብዙዎች ድንጋይ መስሏቸው ያልፉታል። ያየው እንግዳ ግን ያደንቃል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ለጀልባው ባለቤትም ገንዘቡን ከፍሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። ይኸው እንስሳ ማታ ከውኃ ወጥቶ የአንድ ገበሬ በቆሎ የበላ እንደ ሆነ ወዲያው ስሙ ተለውጦ ጠላት ይባላል። ቀን የከተማው ጌጥ፥ ሌሊት የገበሬው ወንበዴ ሆኖ ስለሚቆጠረው ስለዚህ ፍጥረት ዛሬ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ጉዳዩ የእንስሳት ወዳጆች ጨዋታ ብቻ መስሎት ገጹን ሊገለብጥ የተነሣ አንባቢ ቢኖር፥ እባክዎ ጥቂት ይታገሡን እንላለን፤ ነገሩ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ነውና።

በቅድሚያ ጉማሬ የዋህ እንስሳ ነው ብለን አንባቢን ለማታለል እንዳልተነሣን ይታወቅልን። በአፍሪካ ውስጥ ሰውን ከሚገድሉት ታላላቅ አራዊት አንዱ ጉማሬ ነው። ወንዱ ከ1,500 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ይህን የሚያህል ሥጋ ተሸክሞ በየብስ ላይ ሲሮጥ ሰው በቀላሉ አያመልጠውም፤ ክራንቻውም ጀልባ ይሰብራል። በጨለማ መረቡን ለማንሣት በፊላው መካከል የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ፥ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ለመቅዳት ወደ ዳር የምትወርድ እናት፥ ማሳውን ለመጠበቅ በጎጆው ሌሊቱን የሚያነጋ ገበሬ፥ እነዚህ ሁሉ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። ይህንን ፍርሃት በከተማ ሻይ ቤት ተቀምጦ እንደ ድንቁርና መቁጠር ነውር ነው። ስለዚህ «ይገደልና እንረፍ» የሚል ቃል ስንሰማ ተናጋሪው ጨካኝ ነው አንልም። እኛ የምንለው፥ መግደሉ ዕረፍት አያመጣም ነው።

ይህንንም የምንለው በሆዳችን ርኅራኄ ብቻ ተመርተን አይደለም። በጥይት ወይም በጦር ተመትቶ ሳይሞት ያመለጠ ጉማሬ ቁስሉን ይዞ በፊላው ውስጥ ይሸሸጋል፤ በማግሥቱ በዚያ የሚያልፈው ዓሣ አጥማጅ የሚገናኘው ከዚህ ከቆሰለው ጋር ነው። ቆስሎ የቀረው ቀርቶ በአንድ ጊዜ የሞተም ቢሆን፥ የሚግጡበት ሣር ታርሶ በቆሎ እስከ ተዘራበት ድረስ የቀሩት ጉማሬዎች በዚያው መንገድ ይመጣሉ። ሁሉም ተገድለው ካለቁ በእርግጥ በቆሎው ይተርፋል። ነገር ግን ሴቷ ጉማሬ ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ፥ እስከሚቀጥለውም ወሊድ ድረስ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል የምትቆይ ስለ ሆነች፥ በአንድ ዓመት የተደረገ ጥፋት በአንድ ትውልድ አይጠገንም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም ጉማሬን ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ለመጥፋት ከተጋለጡት አራዊት መዝገብ ውስጥ ጽፎታል።

በአገራችን የቆየ ልማድ አውሬ መግደል የጀግንነት ማዕረግ እንደ ነበረው ሁላችንም እናውቃለን። አንበሳ፥ ዝሆን ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳዩን ቆጥሮ ይፎክር ነበር፤ የአንበሳውም ጎፈር ከራሱ ላይ ይደረግለት ነበር። በዚያን ዘመን አውሬው ብዙ፥ ሰው ጥቂት፥ መሣሪያው ጦር፥ ገዳዩም ነፍሱን አስይዞ የሚገባ ስለ ነበረ፥ ክብሩ ያለ ምክንያት ነበር ለማለት አንደፍርም። ጉማሬው ግን በዚህ የክብር መዝገብ ውስጥ እምብዛም የገባ አይደለም፤ እርሱ የሚፈለገው ለቆዳው ነበር። እስከ ዛሬም «ጉማሬ» ስንል እንስሳውን ብቻ ሳይሆን ከቆዳው የሚሠራውንም አለንጋ ማለታችን ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎች በጉማሬ አደን የታወቁ ነበሩ፤ ጎረቤቶቻቸውም ሥጋውን ትበላላችሁ ብለው ይንቋቸው፥ አለንጋውን ግን ሳይጸየፉ ይገዟቸው ነበር። (ይህ የሰው ጠባይ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

መንግሥትም አደንን በሕግ መገደብ የጀመረው ትናንት አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ስለ ዝሆን አደን ደንብ አውጥተው ነበር፤ በ1944ም የአራዊት ጥበቃ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ብዙ ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣውም አዋጅ ቁጥር 541 ከእነዚሁ አንዱ ነው። እንግዲህ ሕግ ጠፍቶ አልተቸገርንም። ያለ ፈቃድ አውሬ መግደል ወንጀል መሆኑን የማያውቅ ወጣት ሠራተኛ ያለ አይመስለንም። ሕጉ ሊደርስበት ያልቻለ ሌላ የአገዳደል ዓይነት አለ፤ ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ጉማሬውንና ከተማችንን በሚገባ እናስተዋውቅ።

ሐዋሳ ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ፥ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩ ጊዜ ነው። በከተማ ዕድሜ ገና ልጅ ናት ማለት ነው። ሐይቁ ግን ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች መካከል ከትንንሾቹ የሚቆጠር፥ በገሃድ የሚታይ መውጫ የሌለው ውኃ ሲሆን፥ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። ጥቁር ውኃም የሚመነጨው ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ከዙሪያው ተራራ ዛፉ ተቆርጦ አፈሩ እየታጠበ ስለ ገባበት ዛሬ ረግረግና ሣር ሆኗል። በዚሁ ሣር ላይ ከብት ይሰማራል፤ በዳርቻው ይታረሳል። ጉማሬውም ከጥንት ጀምሮ ከሚወድዳቸው ቦታዎች አንዱ ወንዙ ከሐይቁ ጋር የሚገናኝበት ፊላማ አካባቢ ነው። እንግዶች ከፍቅር ሐይቅና ከአሞራ ገደል በጀልባ ተነሥተው ወደዚያ የሚሄዱት ስለዚህ ነው። እንግዲህ ማን ወደ ማን ደጅ እንደ መጣ አንባቢ ይፍረድ።

ጉማሬው ቀኑን በውኃ ውስጥ የሚያሳልፈው ከስንፍና የተነሣ አይደለም፤ ቆዳው ፀሐይ የማይችል ስለ ሆነ ነው። ከቆዳው የሚወጣውን ቀይ ፈሳሽ አይተው ደም ያልበዋል የሚሉ አሉ፤ ደም ሳይሆን ቆዳውን ከፀሐይና ከቁስል መመረዝ የሚጠብቅለት ቅባት ነው። ሲመሽ ይወጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ግጦ፥ ሳይነጋ ወደ ውኃው ይመለሳል። ሲወጣና ሲመለስም ባገኘበት አይሄድም፤ ዘወትር የሚመላለስበት የታወቀ ጎዳና አለው፤ ጎዳናውም ከብዛቱ የተነሣ በሣሩ መካከል እንደ ቦይ ጠልቆ ይታያል። በዚህ ጎዳና ላይ በእርሱና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው። ሁለተኛው አደገኛ ጊዜ ግልገል የያዘች እናት ስትሆን፥ ሦስተኛው ጀልባ ሳያውቅ በላዩ ሲመጣበት ነው። ከነዚህ ውጭ ሰው ፈልጎ የሚያድን አውሬ አይደለም፤ ሥጋም አይበላም።

ዓሣ ይፈጃል የሚሉትም ተሳስተዋል። ጉማሬ ሣር በል ነው። እንዲያውም ሌሊት በየብስ የጋጠውን ቀን በውኃ ውስጥ ስለሚጥለው፥ ፋንድያው ለደቃቅ የውኃ ዕፅዋትና ነፍሳት ምግብ ይሆናል፤ እነርሱን ደግሞ ዓሣ ይበላል። በኬንያና በታንዛኒያ በሚፈስሰው በማራ ወንዝ ላይ የተደረገ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የታተመ ጥናት ጉማሬዎች ለውኃ ሕይወት የሚያስፈልገውን ማዕድን ከሣሩ ወደ ወንዙ በብዛት እንደሚያጓጉዙ አረጋግጧል። ለእውነት ስንል ይህንንም እንጨምር፤ በዚያው ወንዝ ብዙ ጉማሬ በጠባብ ኩሬ ሲከማች ፋንድያው ውኃውን አበላሽቶ ዓሣ እንደሚገድል ሌሎች ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ጠባብ ኩሬ አይደለም። በኮንጎ በቪሩንጋ ብሔራዊ ፓርክ በ1970ዎቹ ከ20,000 በላይ ይቆጠሩ የነበሩ ጉማሬዎች በጦርነትና በሥጋ ነጋዴዎች ጥይት ከ1,000 በታች በወረዱ ጊዜ፥ በኤድዋርድ ሐይቅ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች ዓሣው ጠፋብን ብለው አቤቱታ አሰምተዋል። ከልክ ያለፈ ማጥመድም ስለ ነበረ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ምክንያት አናሳብብም። ቆሮሶና አምባዛ እየሸጠ ልጁን የሚያስተምር የሐዋሳ ዓሣ አጥማጅ ግን ነገሩን ቢያውቀው መልካም ነው።

አሁን ወዳልነው ወደ ሌላው የአገዳደል ዓይነት እንመለስ። በአንድ የሐይቅ ዳር ከተማ አንድ ወጣት ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግቶ ተቀምጧል እንበል። ትምህርቱን በደንብ የጨረሰ፥ ሥራውንም የሚወድ ነው። በካርታው ላይ ከሐይቁ ዳር «ክፍት ቦታ» የሚል ያነባል፤ ቤት የለም፥ መንገድ የለም፥ ባለቤት የለም። ለመዝናኛ የሚለምን አለ፤ ለመስኖ እርሻ የሚለምን አለ፤ ለከብት ማደለቢያ የሚለምን አለ። ወጣቱም ይፈርማል፤ ማኅተም ይመታበታል። ያ ክፍት ቦታ የተባለው የጉማሬው የግጦሽ ሜዳ፥ በመካከሉም የሚያልፈው ጎዳናው መሆኑን በካርታው ላይ የጻፈለት ሰው የለም። መሬቱን የተቀበለው ሰው ጥፋት የለበትም፤ በሕጋዊ ወረቀት ይዞታል፤ ያጥረዋል፥ ያርሰዋል። በሚቀጥለው ሌሊት ጉማሬው እንደ ልማዱ ሲመጣ በጎዳናው ላይ በቆሎ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን እናውቀዋለን፤ ጩኸት፥ ችቦ፥ ድንጋይ፥ ጦር፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ሬሳ። ፖሊስ መጥቶ ገዳዩን ሲፈልግ ጦር የያዘውን ገበሬ ይይዛል እንጂ ብዕር የያዘውን ሠራተኛ አይጠይቀውም። እኛም ጠይቁት አንልም፤ ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ቀን ከጠረጴዛው ተነሥቶ ቦታውን በእግሩ ቢያየው የሁለት ነፍስ ዕዳ ይቀር ነበር።

«ሰው ይበልጣል ወይስ ጉማሬ?» የሚል ጥያቄ በየክርክሩ ይነሣል። ሰው ይበልጣል። ይህንን የሚክድ የለም፤ ጥያቄው ግን ያለ ቦታው የገባ ነው። በአሞራ ገደል አባ ኮዳው ከዓሣ አጥማጁ እግር ሥር ቆሞ የተጣለለትን ይለቅማል፤ ጉሬዛና ጦጣ በከተማው ዛፎች ላይ ከሰው ጋር ይኖራሉ፤ ጦጣው የእንግዳ ምሳ ነጥቆ ሲሮጥ ሰው ይስቃል እንጂ ማን ይበልጣል ብሎ ሸንጎ አይቀመጥም። ጉማሬው ስለሚያስፈራና ጉዳቱም ስለሚከብድ የሚፈልገው ጥንቃቄ ይበዛል። ልዩነቱ በዚህ ነው።

ለዚያ ጥንቃቄ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የእኛን የተማሩትን ሰዎች ክርክር የምንነቅፈው በዚህ በኩል ነው። ጉማሬውን አትንኩ እያልን ስንሰብክ፥ ፎቶግራፉ ለእኛ፥ የጀልባው ገቢ ለሌላ፥ የተበላው በቆሎ ግን ለገበሬው ብቻ ከሆነ ስብከታችን ግፍ ነው። ኬንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ባወጣችው ሕግ በዱር አራዊት ለሞተ ሰው ቤተሰብ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ካሣ እንዲከፈል ደንግጋለች፤ ክፍያው ግን እየዘገየ ብዙ ሰው ስላማረረ፥ ሕግ ከመጻፍ ይልቅ ገንዘቡን በጊዜው ማድረስ እንደሚከብድ ከእነርሱ ልንማር ይገባናል። ለሐዋሳ የምንመኘው ከዚህ ያነሰና የቀረበ ነው። ጉማሬ ለማየት ከሚከፈለው የጀልባ ሒሳብ ጥቂቱ ተለይቶ ቢቀመጥና፥ ማሳው የተበላበት ሰው በቀበሌው ተመዝግቦ ከዚያው ሳጥን ቢከፈለው፥ ጉማሬው ለገበሬውም የሚያስገባ እንስሳ ይሆን ነበር።

መከላከያውም ቢሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጉማሬ ከባድ እንጂ ዘላይ አይደለም፤ አጭር የድንጋይ ካብ ወይም ጠለቅ ያለ ቦይ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ጎረቤታሞች በደቦ ተሰብስበው በአንድ ሳምንት የሚቆፍሩት ቦይ ሌሊቱን ሙሉ ከመጮህ ያድናቸዋል። ይህ ግን የሚረዳው ጎዳናው ክፍት ሆኖ ሲቀርለት ብቻ ነው፤ በሁሉም በኩል ከታጠረበት አጥሩን ደርምሶ ይገባል።

የአካባቢው ሰው ያልተካፈለበት ጥበቃ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሻሸመኔ ወዲያ የሚገኘው የስንቅሌ መጠለያ፥ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ ለማዳን በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂው ተበተነ፤ በመሬቱ መወሰድ ቅር ብሎት የቆየውም ሕዝብ ገባበት፤ በሺህ ይቆጠር የነበረው ቆርኬ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተመናምኖ ቀረ። በዘመኑ ሌሎችም ፓርኮቻችን ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። ቆርኬው ከዚያ በኋላ እየተጠበቀ እንደገና መራባት በመጀመሩ ደስ ይለናል። ነገር ግን ያን ጊዜ ጥይቱን የተኮሰው ሰው ከቆርኬው ጋር ጠብ አልነበረውም፤ ጠቡ ሳይጠይቁት አጥር ካጠሩት ሰዎች ጋር ነበር።

ሰውና አደገኛ አውሬ በአንድ ከተማ አጠገብ መኖር ይችላሉን? ለሚለን ሰው ደግሞ አንድ የሩቅ ምሳሌ እንስጥ። ድብ በአገራችን ስለ ሌለ እኛ የምናውቀው ዳዊት በጎቹን ሲጠብቅ ገደለው ከሚለው ከመጽሐፉ ነው። በካናዳ ሰሜን፥ በሐድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር፥ ቸርችል የምትባል ሺህ ሰው የማይሞላት ከተማ አለች። በየዓመቱ ባሕሩ እስኪረጋ ድረስ የሚጠብቁ ነጫጭ ድቦች በከተማዋ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ነጭ ድብ ደግሞ እንደ ጉማሬ ሣር በል አይደለም፤ ሰውን ይበላል። የከተማዋ ሰዎች በፊት መግቢያ የሚያጣውን ድብ በጥይት ይመልሱ ነበር። በኋላ ግን ሌት ተቀን የሚዞር ጥበቃ አቋቋሙ፤ ያስቸገረውን ድብ ይዘው የሚያቆዩበት ቤት ሠሩ፤ ካቆዩትም በኋላ ከከተማው አርቀው ይለቁታል። መንገደኛ ድንገት ድብ ቢገጥመው እንዲገባባቸው የመኪናቸውን በር ሳይቆልፉ ማሳደር ልማዳቸው ሆነ። ዛሬ ድቡን ለማየት ከመላው ዓለም እንግዳ ይጎርፍላቸዋል። ሺህ ሰው ያልሞላባት ከተማ ይህንን ካደረገች፥ ዩኒቨርሲቲ ያላት ሐዋሳ የምታቅተው አይመስለንም።

ለወጣት ሠራተኞች የምናቀርበው ልመና ስለዚህ አጭር ነው። ከሐይቁ ዳር የሚጠየቀውን ማናቸውንም መሬት ከመፈረማችሁ በፊት የጉማሬው ጎዳና በየት በኩል እንደሚያልፍ ይጠየቅ። ሐይቁ በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች መካከል የሚገኝ፥ ጉማሬውም የክልል ወሰን የማያውቅ ስለ ሆነ፥ በአንድ ዳር የተጠበቀው በሌላው ዳር እንዳይገደል የሁለቱ ወገን ጽሕፈት ቤቶች አንድ ካርታ ይኑራቸው። ጀልባ ነጂዎችም እንግዳን ለማስደሰት ብለው ወደ ግልገሎቹ መጠጋታቸውን ይተዉ፤ ለአንድ ፎቶግራፍ የተቆጣች እናት ንዴቷን የምትወጣው በማግሥቱ ብቻውን በሚቀዝፈው ሰው ላይ ሊሆን ይችላል።

ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ጠፋን ከማለት ይህንን ይሞክሩ። በበጋ ሣሩ ሲያጥር ጎዳናዎቹ በግልጽ ይታያሉ፤ ቀን፥ በቡድን ሆኖ፥ ቦታውን የሚያውቅ ሰው አስከትሎ መቁጠርና በካርታ ላይ ማስፈር ይቻላል። ለዚህ ሥራ ከውጭ አገር አዋቂ መጥራት አያስፈልግም፤ ጉማሬው በየት ወጥቶ በየት እንደሚመለስ ከዓሣ አጥማጆቹ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ማልዶ ተነሥቶ አሞራ ገደል የሚደርስ ተማሪ መረባቸውን ሲያራግፉ ያገኛቸዋል።